አባዬና ባለሞተሩ ሳይክል

አባቴ በዳዳ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ትልቁ ደስታው ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛው ከጋሼ ሣህሌ ጋር በሳይክል እንጦጦ መውጣት ነበር። ከኮተቤው ቤታችን ጀርባ የሚጀምረውን የባሕር ዛፍ ጫካ ከነጉድጓዱ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ግን ልቡ ታመመ። ሐኪሟ ሳታለባብስ ነገረችው፦ «መንቀሳቀስ አለብዎት፤ ዳገት ላይ ግን እንዳይታገሉ።»

እንጦጦ ደግሞ ከዳገት በቀር ምን አለው? ሳይክሉን በረንዳ ላይ አቆመው፣ በላስቲክ ሸፈነው፣ ከዚያ በኋላ ስሙንም አላነሳም።

እኔ ኡርጂ እባላለሁ። ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ዩፒኤስ እጠግን ነበር። የተበላሸ ዕቃ አያስፈራኝም፤ የሚሠራ ዕቃ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ግን ያናድደኛል። ያ ላስቲክ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ያናድደኝ ነበር፣ ማታም ስመለስ ያናድደኝ ነበር።

«ሞተር ልገጥምለት ነው» አልኩት አንድ እሑድ ምሳ ላይ።

«ሞተር ብፈልግ ሞተር ሳይክል እገዛ ነበር።»

«ሞተር ሳይክል አይደለም፣ አባዬ። ፔዳሉን የምትመታው አንተው ነህ፤ ዳገት ላይ ብቻ ያግዝሃል።»

«ሣህሌ ምን ይለኛል?»

«ከኋላህ ስለሚቀር የሚለውን አትሰማውም።»

ሊስቅ ፈለገና ዋጠው። እምቢ ግን አላለም። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

ሞተሩ የኋላ ጎማው መሐል የሚገባ ዓይነት ነው። ቻይና የሚመላለስ አንድ ነጋዴ አመጣልኝ። ጉምሩክ ላይ ፈታሹ አገላብጦ አየውና «የልብስ ማጠቢያ ነው?» አለኝ። «አባቴን ተራራ የሚያወጣ ነው» ስለው ሳቀና ፈረመልኝ።

ባትሪውን ግን ራሴው ሠራሁት። መሥሪያ ቤታችን ሊጥላቸው የነበሩ የላፕቶፕ ባትሪዎችን አስፈቅጄ ወሰድኩ። እያንዳንዳቸው ውስጥ ከጣት ባትሪ ትንሽ ወፈር የሚሉ ድንጋዮች አሉ። መብራት በመጣ ቁጥር ሞላኋቸው፣ አሳደርኳቸው፣ ለካኋቸው። የሚግለውንም፣ አድሮ የሚደክመውንም አወጣሁ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ካበጠርኳቸው በኋላ ሃምሳ ቀሩ። አምስት አምስቱን አቧድኜ አሥሩን ቡድን በተከታታይ አያያዝኩ፣ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ከተትኩና ሣጥኑን በሳይክሉ ብረቶች መሐል አሰርኩት።

የመጀመሪያውን ሙከራ ራሴ አደረግኩ። ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት ላይ ጉልበት ስሰጠው ከኋላ «ቋ!» አለና ቆመ። ሞተሩ ጎማውን በማዞር ፈንታ የራሱን ዘንግ አዙሮ ሽቦዎቹን በጥሷቸዋል። እየገፋሁ ስመለስ አባዬ በር ላይ ቆሟል።

«እንዴት ነው?»

«ጉልበት በዝቶበት ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

በማግስቱ የሰፈራችን በያጅ ወልደሰንበት መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት ቆርጦ፣ ዘንጉን ጨምድዶ ከሳይክሉ አካል ጋር እንዲይዘው አድርጎ ሠራልኝ። «ይሄ ከላላ ስሜን ቀይሪው» አለ። አልላላም። ሽቦዎቹን መልሼ ቀጥዬ ያንን ዳገት ሰባት ጊዜ ወጣሁት፤ ሰባተኛው ላይ ቆሜ ሞተሩን በእጄ ስዳስሰው ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

አባዬ መጀመሪያ የወጣ ቀን ጋሼ ሣህሌ ዞር ዞር ብሎ ሳይክሉን አየና ጮኸ፦ «በዳዳ! ይሄማ ኩረጃ ነው!»

«ኩረጃ አይደለም» አለ አባዬ ኮርቻው ላይ እየተቀመጠ። «ካልኩሌተር ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ እንደ ድሮው ሆነ። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ እኔም ሳይክል ተውሼ ተከተልኳቸው። ጫፉን አልፈን በማዶው በኩል በጠባቧ የእግር መንገድ ስንወርድ፣ ከፊታችን የነበረው ጋሼ ሣህሌ ሣር የሸፈነው ጉቶ መታውና ከነሳይክሉ ተገለበጠ። ደርሰን ስናየው እግሩ ከጉልበቱ በታች፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል።

ስልክ ሞከርን፤ ኔትወርክ የለም። ሰውም መኪናም የሚገኘው ላይኛው መንገድ ላይ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ቀጥ ያለ ዳገት።

«እኔ ልሂድ» አልኩ።

«መንገዱ አራት ቦታ ላይ ይከፈላል» አለ አባዬ። «ታውቂዋለሽ?»

አላውቀውም። ሳይክሉን አነሳ። ባትሪው ላይ የቀረውን ኃይል ከሚያሳዩት አራት መብራቶች የበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ሦስት ኪሎ ሜትር በሁለት መብራት ይበቃል?»

«ይበቃል። ማርሹን አቅልለው፣ ፔዳሉን አታቋርጥ፣ ጉልበቱን ከግማሽ አታሳልፍ።»

«ገምተሽ ነው?»

«ለክቼ ነው።»

አየኝ። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ትክክል ሲሠራለት የሚያይበት አስተያየት ነበር። ከዚያ ሄደ። የሞተሩ ፉጨት በዛፎቹ መሐል እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

የጋሼ ሣህሌን እግር በሁለት እንጨትና በሻርፔ አሰርኩ፤ ጃኬቴን አለበስኩት። ላብ አጥምቆታል፣ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ልቡስ?» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። «አንቺ፣ የአባትሽስ ልብ?»

«አይዞዎት፣ ጋሼ። ዳገቱን የሚታገለው ሞተሩ ነው።»

እየጠበቅኩ ሥራዬን ከመጀመሪያው ጀምሬ በሐሳቤ ፈታሁት። ሃምሳውን ድንጋይ፣ የበየድኩትን መጋጠሚያ ሁሉ፣ ሽቦው የሚታጠፍበትን ቦታ፣ የወልደሰንበትን ብረት፣ ያጠበቅኩትን ዳዶ። «እዚህ ጋ ቸኩያለሁ» የምልበት አንድም ቦታ አጣሁ። ያኔ እውነተኛ ዕረፍት ተሰማኝ።

«እሱ ሲያቆም እኔም ላቆም ነበር» አለ ጋሼ ሣህሌ ዓይኑን ጨፍኖ። «ብቻዬን ሁለት ቅዳሜ ወጣሁ። የማወራው ሰው የለኝም። ጫካው ያው ነው፤ ግን አስጠላኝ። በዚያ ላይ ብወድቅ ማን ያየኛል እያልኩ እፈራ ነበር።»

«ይኸው ወደቁ፤ እኛም አየንዎት» አልኩት። ሕመሙ መሐል ሳቀ።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሆኖት ነበር፣ ከላይ የሰው ድምፅ ስሰማ። አባዬ ፍሬን እየያዘ ከፊት ይወርዳል፤ ከኋላው አራት ሰዎች ከባሕር ዛፍ አጣናና ከጋቢ የሠሩትን ቃሬዛ ይዘው ይሮጣሉ። መንገዱ ላይ እንጨት የጫነ አይሱዙ አስቁሞ፣ ሾፌሩን እንዲጠብቅ ለምኖ፣ አጠገብ ያሉትን ገበሬዎች በኦሮምኛ ጠርቷቸው ነው የመጣው። ባትሪው ላይ አንዲት መብራት ቀርታለች።

እጁን ያዝኩና የደም ሥሩን ቆጠርኩ። ፈጠን ብሏል፤ ግን አይዘልም፣ አይሳሳትም።

«ስንት አገኘሁ?» አለኝ።

«አልፈሃል።»

ጋሼ ሣህሌን ተሸክመን መኪናው ዘንድ አደረስነው፤ ከሰዓት በፊት ሆስፒታል ገባ። እግሩ ብረት ገባበት፤ ለአራት ወር ያህል በክራንች ሄደ። አባዬ በነዚያ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን እየወጣ፣ ሲመለስ ጋሼ ሣህሌ ቤት ቁጭ ብሎ የትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ፣ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደተበላ ይነግረዋል። ሰኔ ላይ ሁለቱም አብረው ወጡ፤ ቀስ ብለው፣ ብዙ እያረፉ።

ከነዚያ ቃሬዛ ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ጅሬኛ ይባላል። ከተራራው ማዶ ላሞች አሉት፤ ወተቱን በሳይክል ጭኖ በየጠዋቱ ኮተቤ ያወርዳል፤ ባዶውን ጀሪካን ይዞ ግን ያንን ሁሉ ዳገት ሳይክሉን እየገፋ በእግሩ ይወጣል። መስከረም ላይ አድራሻችንን ጠይቆ መጣ። ሳይክሉ የዛገ፣ ኮርቻው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የኋላ ጎማው የተጣመመ ነበር።

«ይሄኛውም ይቻል ይሆን?» አለኝ፣ ትንሽ አፍሮ።

ጎንበስ ብዬ ጎማውን አሽከረከርኩት፣ የኋላውን ብረት ስፋት በጣቴ ለካሁት።

«ይቻላል» አልኩት። «አስገባው።»