ለያምሮት ፊት የሚሆን እንጨት

ባለቤቴ ላቀው አናጢ ነው። ከፍኖተ ሰላም ዳር፣ ወደ ቡሬ በሚያወጣው መንገድ፣ ጓሯችን ውስጥ በሠራት ዳስ ነው የሚሠራው። ዱሮ በርና አልጋ ነበር ሥራው፤ ወገቡ ሲደክም ዋንዛውን ትቶ ከእንጨት ሥዕል መሥራት ያዘ። ቀለም አይነካም። እንጨቱን በየመልኩ ቆርጦ፣ ዳር ዳሩን ሞርዶ፣ አንዱን ካንዱ ገጥሞ በኮላ ያጣብቀዋል። ቀዩ ከሐበሻ ጥድ ልብ ይወጣል፣ ነጣ ያለው ከፈረንጅ ጥድ፣ ቢጫው ከዝግባ። ለስለስ ያለውን ነው የሚመርጠው፤ ጠንካራ እንጨት ለጉንጭና ለከንፈር አይታዘዝም ይላል።

የልጃችን የያምሮት ሙት ዓመት ሁለት ወር ሲቀረው ፊቷን ልሠራ ነው አለኝ። እኔ ደስ አላለኝም። ለነፍሷ ጸሎት እንጂ ሥዕል ምን ያደርግላታል አልኩት። በማግስቱ ፎቶዋ ያለበትን የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ካርዷን ከሣጥኔ አውጥቶ ወሰደ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ መልኳን አይናገርም።

ያምሮትን ላቀው ለመረጠላት ባል ድረናት፣ በሦስተኛ ወሯ ጥላው ቡሬ ገባች። ሽማግሌ ቢላክ አልመለስም አለች። ላቀው በሰው ፊት አፈረ፤ ንዴት አሸነፈውና በማኅበር ቀን፣ ዓይኔ ዓይኗን አያይም ብሎ በቅዱስ ሚካኤል ስም ተገዘተ።

አራት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ቡሬ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር፤ እኔ በገበያ ሰበብ እየሄድኩ አያታለሁ። አምና ጉበቷን ታማ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኛች። እኔ አስታመምኩ። ላቀው በየቀኑ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ በባጃጅ ይመጣል፤ ከግቢው በር ውጭ ይቀመጣል፤ ወጥቼ እቀበለዋለሁ። ጠጣች ወይ ይለኛል። ጠጣች እለዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ዘበኛው፣ አባባ ይግቡ እንጂ፣ የጥየቃ ሰዓት እኮ ነው ቢለው፣ እኔ ዕቃ አድራሽ ነኝ አለው።

ግዝቱን እንዲፈቱለት የነፍስ አባታችንን ቄስ ወልደ ሥላሴን መለመን የሱ ድርሻ ነው ብዬ ቀረሁ። ባልን ዘልሎ እሱ ላሰረው ነገር መለመን ነውር መሰለኝ። እሱ ደግሞ፣ የሚፈታ ቢሆን ሚስቴ ሀብትነሽ ትነግረኝ ነበር ብሎ ኖሯል። ከቀብሩ በኋላ ቄሱ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምነው አንድ ቃል ብትነግሩኝ። ትንሽ ጾምና ስግደት ሰጥቼው በቀኑ እፈታው ነበር።»

ላቀው የሸኛት ተገንዛ ነው፤ ፊቷን አላየም።

ሥዕሉን ጀመረ። ጸጉሯን ጢስ ከበላው ካሮጌ የጥድ ወጋግራ አወጣው። ነጠላዋን ከፈረንጅ ጥድ ሠራ። ፊቷ ቀረ። አንድ ከሰዓት ጠራኝና ሦስት የሐበሻ ጥድ ቁራጭ ደረደረልኝ። በውኃ ጣቱን እየነከረ አራሳቸው፤ ደረቅ እንጨት ይዋሻል፣ ቫርኒሽ ሲነካው የሚያወጣውን መልክ እርጥቡ ነው የሚናገር አለኝ። መካከለኛው ቦግ አለ። ያሳደግናት ልጅ፣ ጠይሟ፣ ደም ያላት፣ እሷው ሆነች። ይኸ ነው አልኩት።

ቆረጠው። ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከዚያ አላጣብቅ አለ። ያነሣዋል፣ ያስቀምጠዋል። በስተመጨረሻ ተጣራ።

«ሀብትነሽ፣ ይቺ እኔ የማውቃት ናት። አንቺ የሸኘሻትስ እንዲህ ነበረች?»

ላጽናናው ብዬ አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ጾም ላይ ነን። ደሞም ካሁን በፊት ዝም ብዬ ያጠፋሁት ይበቃኛል። ከጥጉ የተከመረውን ቁርጥራጭ ፈለግሁ። የፈረንጅ ጥዱ ነጣብኝ። አንዱ ዝግባ ቀላብኝ። ከሥር አንድ የዝግባ ስባሪ አገኘሁ፤ ቢጫ፣ ደም የሌለው። ራሴ አርሼ ሰጠሁት።

«ይህን ያህል?»

«ይህን ያህል። ዓይኗም ጭምር።»

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጉንጯስ አለኝ። ጎድጉዶ ነበር አልኩት። ከንፈሯስ አለኝ። ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ በጥጥ አርስላት ነበር አልኩት። እሱ ሲጠይቅ እኔ ስመልስ ከብት መግቢያ ሆነ። በመጨረሻ ስለኔስ አንስታ ታውቃለች ወይ አለኝ። አንድ ጧት አጥሚቱን ቀምሳ፣ ጨው በዝቶታል፣ አባዬ ነው የሠራው ብላ ሳቀች አልኩት። ፊቱን አዙሮ መላጊያውን ይጠርግ ጀመር።

ቀዩን ፊት አስቀምጦ ሌላ ከዝግባ ሠራ።

ለሙት ዓመቱ ዘመድ ተሰበሰበ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነው። የላቀው እኅት አደይ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፣ ሥዕሉ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ወንድምዓለም፣ ዓይንህ ደከመ መሰል። ያምሮት ጠይም አልነበረችም? ይቺን ቢጫ ሴት ከየት አመጣሃት?»

ላቀው ኩባያውን አስቀመጠ።

«ኋላ ኋላ እንዲህ ነበረች» አላት። «ዓይኗ ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ነበር። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።»

እንዳየ ሰው ነው የተናገረው። አደይ ወደኔ ዞረች፤ ከሆስፒታሉ በር አልፎ እንደማያውቅ ታውቃለች።

አዎ፣ እንዲህ ነበረች አልኳትና ለቄሱ ዳቦ ላቀርብ ተነሣሁ።