የአበልጄ ቃል

ቀኝ እጄን ያጣሁት እሑድ ቀን ነው። አቃቂ ባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የዚያን ዕለት ከእኔና ከፎርማኑ ከሀብተሚካኤል በቀር ማንም አልነበረም። ሰኞ ማለዳ የሚወጣ አስቸኳይ ሥራ ነበረብን። ሀብተሚካኤል ላሜራ የሚጫነው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከለክለውን ብረት «ሥራ ያጓትታል» ብሎ በገዛ መፍቻው ፈታው። ላሜራውን ሳስገባ ፕሬሱ ወረደ። ከአንጓዬ በታች ያለው ሥጋና አጥንት ከላሜራው ጋር አብሮ ተጨፈለቀ። ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ዛሬም ይሰማኛል። ደሜ እስከ በሩ ድረስ ተከተለን።

ሀብተሚካኤል አበልጄ ነው፤ ልጄን ነቢዩን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ክንዴን በቱታው ጠቅልሎ በመኪናው ይዞኝ ሲበር ይለምነኝ ጀመር።

«ወንድዬ፣ መከላከያውን እኔ እንደፈታሁት ከታወቀ እታሰራለሁ። ቤት እንጨት ስፈልጥ ነው በል። ከሥራህ አትነሳም፣ ቀላል ቦታ አሰጥሃለሁ። በነቢዩ ይዤሃለሁ።»

የክርስትና አባት በልጅህ ስም ሲለምንህ እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ጥርሴን ነክሼ «ቤት ውስጥ፣ መጥረቢያ» አልኩ። መጥረቢያ እንዲህ እንደማይጨፈልቅ ሳያውቅ አይቀርም፤ ቢሆንም ያልኩትን ካርዱ ላይ ጻፈው።

በአራተኛው ወር ፋብሪካው «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብሎ አሰናበተኝ። አበልጄ በዚያ ቀን ስልኩን አላነሳም። የጉዳት ጡረታ እንዲሰጠኝ አመለከትኩ። የሕክምና ቦርድ ፊት ቆሜ ጉንድሽ እጄን አሳየሁ፤ ተለካ፣ ተጻፈ። መልሱ አንድ ገጽ ነበር፦ ጉዳቱ በሥራ ላይ ስለመድረሱ ማስረጃ ስላልቀረበ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ፊርዶስ የምትባል ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለችም። ካርዱን አዙራ አሳየችኝ። «ቤት ውስጥ ይላል፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ። ግን አብሮዎት የነበረ ሰው ቃል ያስፈልጋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ ካርዱ ነው፤ ሞኙን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሀብተሚካኤል ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን አልከፈተም። በሦስተኛው ከታክሲ ሲወርድ ጠብቄ ደረጃውን አብሬው ወጣሁ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያየን ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የምን እሑድ? እኔ በዚያ እሑድ ፋብሪካ አልረገጥኩም። ነቢዩ ይሙት!»

ልጄን ነው። ለውሸቱ መማያ ያደረገው ልጄን ነው።

አንድ እጅ ያለው ሰው ቡጢ አይገጥምም። በቴስታ ገባሁበት። አፍንጫው ግንባሬ ሥር ተሰበረ። ደገምኩት፤ የፊት ጥርሱ ቆዳዬን ቀዶ ገባ። የእሱ ደም ይሁን የእኔ እንጃ፣ ዓይኔን ሞላው። ወደ ኋላ ተንዶ እስከ መታጠፊያው ድረስ በደረጃው ተንከባለለ። ወርጄ ጎኑን ረገጥኩት፤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝና ደስ አለኝ። አላሳምረውም፣ ልገድለው ነበር። ጎረቤቶቹ ለአራት ሆነው ነው የጎተቱኝ።

በማግስቱ፣ በታሰርኩበት ፖሊስ ጣቢያ፣ ሳጅን ሮቤራ የሚባል መርማሪ ቃሌን ከመቀበሉ በፊት የተበዳዩን ቃል አነበበልኝ። ሀብተሚካኤል አልጋ ላይ ሆኖ የሰጠው ነው።

«ከተጠርጣሪው ጋር ቀድሞ ቂም ነበራችሁ ወይ ተብሎ ለተጠየቀው ሲመልስ፦ አዎ፣ ቂም አለው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ቀን እኔ በማሠራው ፕሬስ እጁ ተቆርጧል። መከላከያውን አንተ ፈትተህ ነው እያለ ሊገድለኝ ያስባል።» ከሥሩ ፈርሟል።

«ሳጅን፣ ይድገሙልኝ» አልኩ።

ደገመልኝ። ሳቅኩ፤ የተሰፋው ግንባሬ እስኪደማ ሳቅኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በቴስታ ሲመቱት ግን በአንድ ሌሊት ይጠራል።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ጣቢያው ድረስ መጡ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ነበሩ፤ ባለቤቴ ፈለቀች ከኋላ። ሀብተሚካኤል ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ከጥግ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ አበልጅ ናችሁ» አሉ አባ። «እሱ ክሱን ይተዋል፤ አንተም ይቅርታ ጠይቅና ዛሬ ቤትህ ግባ።»

ልቤ ቤቱን ወደደ። እሺ ልል አፌን ከፈትኩና ወደ ሮቤራ ዞርኩ።

«ከታረቅን ያ ወረቀት የት ይሄዳል?»

«መዝገቡ ይዘጋል። መደርደሪያ ላይ ይቀራል።»

«ካልታረቅንስ?»

«ፍርድ ቤት ነዋ። እዚያ በፍርዱ ውስጥ ይገባል። ለፍርድ ግልባጭ አለው፣ ማኅተም አለው።»

የይግባኙ ቀን ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። «አልታረቅም» አልኩ። አባ መስቀሉን ዘረጉልኝ፤ አልተሳለምኩም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬቱ ላይ ተፋ። እርቅ የረገጠ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው አይቆምለትም፤ ይህን እያወቅኩ ነው። ፈለቀች አበድክ እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ።

«ፌሉ፣ ከፍርዱ በኋላ የግልባጩን ማኅተም ሳታስመቺ ቤት እንዳትገቢ» አልኳት። ቀስ እያለ ገባት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጉዳዩ በተፋጠነ ችሎት በሳምንቱ ታየ። ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ዳኛዋ የሀብተሚካኤልን ቃል አንብባ «የራስህ ነው?» አለችው። «የራሴ ነው፣ አንድም ቃል አልቀንስም» አለ ደረቱን ነፍቶ። ለአፍንጫው ሲል ስለ እጄ መሰከረ። አምስት ወር ተፈረደብኝ። ወደ መኪናው ሲወስዱኝ ዞሬ አየሁ፤ ፈለቀች አታለቅስም፣ ወደ ሬጅስትራር እየሮጠች ነበር።

በሁለተኛው ወር ልትጠይቀኝ መጣች። የይግባኙን መልስ ሽቦው ላይ ለጠፈችልኝ። «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ስለተረጋገጠ» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ጠባቂው እያየኝ አለቀስኩ።

«በል፣ ማኅተሙ አርፏል» አለች። «አሁን ታረቅ።»

«መጀመሪያ ነቢዩ ይሙት ያለውን ይመልስ።»

«መልሷል። ትናንት ቤት መጥቶ ልጁን እግሩን ይዞ ለመነው።»

እሺ አልኩ። ስወጣ እንታረቃለን፣ መስቀሉንም እሳለማለሁ። ጥርሱ የገባበትን ግንባሬን ግን እስካሁን ያሳክከኛል።