የባለቤት ስም

ስልኩ ገና እንደበራ አንድ ነገር ጠየቃት፤ «የባለቤት ስም ያስገቡ።» እስከዳር ብዙም ሳታስብ የባሏን ስም ጻፈች፤ ምንይችል አወቀ።

ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ባለው የቀበሌ አዳራሽ አብረዋት የተቀመጡት ሰልጣኞች ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ከእነሱ መሀል የሚስቱን ስም የጻፈ አልተገኘም። ባለቤት ሲባል እያንዳንዱ የስልኩ ጌታ ራሱ መሆኑን አልተጠራጠረም። እሷ ግን ቀበሌ በሄደች ቁጥር «የማን ባለቤት ነሽ?» ስትባል ነው የኖረችው። ዘይት ሲታደልም ማዳበሪያ ሲመጣም የምትጠራው «የምንይችል ባለቤት» ተብላ ነው። ባለቤት ማለት ለእሷ ባል ነው፣ ወይም ሚስት። የስልክ ባለቤት እንደሆነች እንዴት ይታያት? ስልኩን ገና መጨበጧ ነበር።

ስልኮቹን ያመጣው አንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ነው። ትምህርቱ በሙሉ በስልክ የሚሰጥ ነበር። «ክፍል የለም፣ ሰሌዳ የለም፤ መምህራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው» አላቸው ክንዱ፣ ከጎንደር የመጣው ወጣት አስተባባሪ። ምዕራፉን ሁሉ ጨርሶ በፈተናው ከቀበሌው አንደኛ የወጣ ሰው አምባ ጊዮርጊስ በሚከፈተው የእንስሳት መድኃኒት መደብር ይቀጠራል ተባለ። እስከዳር ይህን ሥራ ፈለገችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ ነው ያገባችው። ጠዋት ተነሥታ ወደ ሥራ የምትሄድ ሰው መሆን አማራት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሲሉት የሚያስቅ ይመስላታል።

ኔትወርክ ያለው ከመንደሩ በላይ፣ ወደ ደባርቅ የሚሄደው አስፋልት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ልጇን አዝላ ትወጣለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትምህርቱን ታወርዳለች፣ ነፋሱ ድምፁን እንዳይወስድባት ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ትሰማለች። መኪና ሲያልፍ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ምነው እህቴ፣ ጫጩት ታቀፍሽ ወይ?» ይላታል። ቪዲዮው ላይ ያሉት በጎች ነጫጭና የሰቡ፣ ታጥበው የቀረቡ የሚመስሉ ናቸው፤ የእሷዎቹ ከሲታና ጭቃ የለበሱ። የጉበት ትሉ ግን ያው አንድ ትል ነው። የዓይን ሽፋን ገልብጦ የደም ማነስ ማየትን፣ ደረት በገመድ ለክቶ ክብደት መገመትን፣ መድኃኒት ሲያጠጡ አንገት አለመጠምዘዝን በራሷ በጎች ተለማመደች። ቆይቶ ጎረቤቶቿም በጎቻቸውን እየጎተቱ ወደ ደጇ መምጣት ያዙ። «ሸጋ እጅ አላት» አሉ አያ በላቸው፣ ከብታቸው በዳነ ማግስት። ምስጋናውን ግን የነገሩት ለምንይችል ነው።

ስልኩ በተከፈተ ቁጥር «ሰላም ምንይችል! ዛሬም በርታ!» ይላታል። መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ቅር ሲላት ፈራ ተባ እያለች ለክንዱ ደወለችለት።

«በባሌ ስም ነው እኮ የሚጠራኝ።»

«ችግር የለም፤ ዋናው ትምህርቱ ነው» አላት እየሳቀ። «በኋላ ይስተካከላል።»

ምንይችል ነገሩን ሲሰማ ሳቁን መግታት አቃተው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ በግ እየገዛ የሚሸጥ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ገበያው የሚወደው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ራት እየቀረበለት «እስቲ ዛሬ ምን ተማርኩ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች። ከግማሽ በላይ አይሰማም። ፈተና ያለፈች ቀን ደግሞ ለጓደኞቹ «እኔ እኮ ተኝቼ የማልፍ ሰው ነኝ!» እያለ ያስቃል።

ሁሉም ምዕራፍ ካለቀ በኋላ መልእክት መጣ፤ «እንኳን ደስ አለህ ምንይችል። ከቀበሌህ አንደኛ ወጥተሃል።» የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ጎንደር ነበር። አብረው ሄዱ። ምንይችል ሰው ይበዛል ብሎ ከግቢው ዛፍ ሥር ቀረ፣ ልጁን ይዞ። እሷ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች።

«ምንይችል አወቀ!»

እስከዳር ተነሣች። መድረኩ ላይ ስትደርስ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ወረቀቱን እንደያዘ ከኋላዋ ሌላ ሰው ፈለገ።

«ባለቤትሽ አልመጣም?»

«መጥቷል፤ ውጭ ነው።»

«ታዲያ እሱ ገብቶ ይቀበል እንጂ።»

«የተማርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምንይችል ነሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ከኋላ «ቀሚስ ለብሶ መጣ!» ሲል ሳቁ ባሰ። እስከዳር ግን ከመድረኩ አልወረደችም። ክንዱ መጥቶ ወደ ጎን ቢሮ ይዟት ገባ። ኃላፊውም ጥቂት ቆይቶ ተከተላቸው።

«ባለቤት ማለት እኮ የስልኩ ባለቤት ነው» አላት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «የትዳር ጓደኛሽን ማን ጠየቀሽ?»

«ምነው ታዲያ ስምሽ ማን ነው አይለኝም ነበር?»

ኃላፊው ወደ ክንዱ ዞረ። «እሷ ናት የተማረችው» አለ ክንዱ። «ደውላልኝም ነበር።»

«ቤታቸው ገብተህ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

ኃላፊው ግንባሩን አሻሸ። «እሺ። ባልየውን ጥሩት። እሱ በአፉ እሷ ናት ካለ ስሙን አስቀይራለሁ፤ ሥራውም የእሷ ይሆናል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

እስከዳር ያን ጊዜ ቀለል አላት። ራሷ ወጥታ ጠራችው። ሲገቡ ልጁን ተቀበለችው።

«አቶ ምንይችል» አለ ኃላፊው፣ «ይህን ትምህርት የተማረው ማን ነው?»

ምንይችል ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት ላይ ነበር። ወፍራም፣ አንጸባራቂ ወረቀት ነው፤ መሀሉ ላይ ስሙ ከነአባቱ በትልቁ ታትሟል። ጣቱን ዘርግቶ ጠርዙን ነካ አደረገው።

«እኛው ነን» አለ።

«እኛው ማለት?»

«አብረን ነው የተማርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። ማታ ማታ ትነግረኝ የለ?» ወደ እስከዳር ሳይዞር ነበር የሚናገረው። «ቤት መቼም አንድ ነው ጌታዬ።»

«የምንቀጥረው ግን አንድ ሰው ነው።»

«ስም የወጣለት ይግባ እንግዲህ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ምንይችል» አለች እስከዳር።

ኃላፊው ወደ እሷ አየ። ከዚያ እንደተገላገለ ሰው ብዕሩን አነሣ።

በሚኒባሱ ሲመለሱ ምንይችል ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘው። ኮሶዬ ሊደርሱ ሲቃረቡ ወደ እሷ ዞረ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት በመጨረሻ። «ሥራው ቤታችን ገባ እኮ። በማን ስም ቢሆን ምን ገደደሽ? አንቺ ልጅ አዝለሽ አምባ ጊዮርጊስ ስትመላለሺ ሰው ምን ይላል? እኔ ገበያውን አውቀዋለሁ። ያላወቅሁትን አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

«ምነው ያኔ እሷ ናት ብትል?»

«ተናገርኩ አይደል? እኛው ነን አልኩ። ዋሸሁ?»

እስከዳር አልዋሸህም አላለችም፤ ዋሽተሃል ማለትም ተሳናት። ምን ብላ እንደምትጠራው ያላወቀችው ነገር ነው የሆነባት። ልጁ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። መስኮቱ በትንፋሽ ጉም ለብሶ ውጩ አይታይም።

አሁን ምንይችል ከሰኞ እስከ ዓርብ አምባ ጊዮርጊስ ያድራል፤ ቅዳሜ ማታ ይመጣል። ነጭ ጋዋን ሰጥተውታል። ስልኩም በስሙ ስለነበር ይዞት ሄደ። ለእሷ የእሱን አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ተወላት። በቀን በቀን ይደውላል። «የበግ ሆድ ትል ሽሮፑ ስንት ነው የሚሰጥ?» «ለእርጉዝ ላም ይሄኛው ይሆናል?» የሚደውልበትን ሰዓት ስላወቀች መታጠፊያው ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ከቆይታ በኋላ ግን ልቧ ደነደነ። ከእንግዲህ አላውቅም እለዋለሁ አለች። ሦስቴ ሰው ፊት ሲያፍር ያባርሩታል፤ ያኔ ማን እንደተማረ ይታያል። ይህን ያሰበችበት ዕለት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ፤ ደስታዋም አስፈራት።

በገበያ ቀን ደወለ። ጩኸት ይሰማል።

«ላም ናት፤ ሆዷ ተነፍቷል። ቶሎ በይ፣ ሰው ከቦኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አላውቅም» አለች።

«ምን?»

«አላውቅም አልኩ። ተምረሃል አይደል?»

በስልኩ ውስጥ የላሟ ትንፋሽ ተሰማት፤ የሚያቃስት፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ። ከዚያ የሴት ድምፅ፤ «የኔ ወንድም፣ ያለ እሷ ምንም የለኝ፤ እኔ አምሳለ ልጆቼን በምን አሳድራለሁ?»

እስከዳር ዓይኗን ጨፈነች። «የቱ ጎኗ ነው ያበጠው?»

«ግራው።»

«ምን በልታ?»

«ባቄላ ማሳ ገብታ። እሸቱን።»

«ስልኩን ለሴትዮዋ ስጣት።»

«ምን ልትያት?»

«ስጣት ምንይችል።»

«እብድ ነሽ? እኔው እነግራታለሁ። በይ!»

የላሟ ትንፋሽ እየሳሳ ሄደ። እስከዳር ነገረችው። ከፊት እግሯ በኩል ከፍ ባለ ቦታ ትቁም፤ የምግብ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ በጠርሙስ፣ በአፏ ጥግ፣ በጥቂት በጥቂቱ፤ ቆም እያሉ ያስውጧት፤ ምላሷን እንዳይስቡ፤ ከዚያ ያንቀሳቅሷት፤ ካልበረደላት ሳይውል ሳያድር ሐኪም። ምንይችል ስልኩን ከጆሮው አራቀና በዚያ በገበያው በሚወደድ ድምፁ ተናገረ፤ «እህቴ አይዞሽ፤ ቀላል ነው! ከፍ ያለ ቦታ አቁሟት፤ ዘይት አምጡ፣ በጠርሙስ አጠጧት፤ ከዚያ ማንቀሳቀስ ነው!»

«እግዜር ይስጥህ፤ መማር እንዲህ ነው!» አለች ሴትዮዋ።

«ቀስ ብለው! ምላሷን እንዳይዙ!» ብላ እስከዳር ጮኸች። «ምንይችል! ዘይቱ ሳንባዋ ይገባል!» መንገድ የሚሻገሩ ሰዎች ዞረው አዩዋት። ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ደወለች፤ አላነሣም። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው አነሣው።

«ሰው ፊት ምነው እንዲህ ትነዘንዥኛለሽ?»

«ምላሷን እንዳይስቡ ንገራቸው። በጥቂት በጥቂቱ በላቸው።»

«አውቃለሁ» ብሎ ዘጋው።

ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ መታጠፊያው ላይ ቆየች። አልደወለም። በማግስቱም የደወለው ስለ ዶሮ ክትባት ነው፤ ስለ ላሟ ልትጠይቀው ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ቅዳሜ ማታ መጣ። ለልጁ ብስኩት፣ ለእሷ ሻሽ ገዝቶላታል። እግሩን ታጥቦ ተቀመጠና መደብሩ ሊሰፋ እንደሆነ፣ ኃላፊው ከጎንደር መጥቶ እንዳመሰገነው አጫወታት። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ላሟስ?» አለችው።

ምንይችል እንጀራውን እንደቆረሰ ቀና አለ።

«የትኛዋ ላም?»