የካፖርት ቁልፍ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር

ሴትዮዋ ዛሬም መጣች።

ብረቷ ጓዳ ሆና የለቀስተኛውን ብርጭቆ እያጠበች፣ ገርበብ ባለው በር አሻግራ አየቻት። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን፣ አንድ እግሩ የሚወላገደውን ወንበር መርጣ በሩ ሥር ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለችና ዝም። ከዚያ እንደ ትናንቱ ቀኝ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ኪሱ ውስጥ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀስ እያሉ፣ ባቄላ እንደሚፈለፍል ሰው። ከንፈሯም አብሮ ይላወሳል። ዓይኗ ግን ከአንድ ቦታ አይነቀልም፤ ከሟቿ የስፌት መኪና ላይ።

«ኪሷ ውስጥ ምን ይዛ ነው?» አለች ብረቷ።

«እኔም እሱን ነው የማየው» አለች ሬዲዮ፣ ማድረቂያውን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

ሬዲዮ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤት ናት። የቤቱ ወሬ ባለቤቱ ሳይሰማው እሷ ዘንድ ስለሚደርስ ሬዲዮ ተብላ ቀረች። ብረቷም የወጣላት ስም ነው። በልብስ ማጠቢያ ቤት የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ጸጉሯ ስለሸበተ ብቻ አይደለም፤ እንደ ካውያው አንዴ ከጋለች የነካትን ስለማትምር ነው። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ነበረች። አሁን እናትየዋ ተቀበረች፣ ስሙ ቀረ።

«አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች አሉ» አለች ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጡረታ ከወጣች ወዲህ ውሎዋ ካቶሊኮቹ ዘንድ ነው፣ እዚያ ማዶ ሲስተሮቹ ግቢ። እኔ የሰማሁትን ነው የምልሽ እቴ፤ አሮጊት አሮጊቱን እየመረጡ ነው አሉ ቤት የሚገቡት።»

«ገብተውስ ምን ያደርጋሉ?»

«እሱን እንኳ አልደረስኩበትም።»

«አንቺም ያልደረስሽበት ነገር አለ ማለት ነው» አለች ብረቷ። አልሳቀችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን ከመጠርጠር አልፋለች። በዓይኗ ያየችው ነገር አለ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ምላሷም እንደ መቀሷ ነው፤ ሲቆርጥ አይሰማም፣ ከቆረጠ በኋላ ነው የሚታወቀው። ባሏ የሰው ቤት ጣሪያ ሲመታ ወድቆ ሲሞትባት፣ ያቺን መኪና እየረገጠች ሁለት ልጅ አሳደገች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም «ተባረክ» ስትል የሰማት የለም። ጎረቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጠራት «እኔ የምንበረከከው መርፌ ሲወድቅብኝ ብቻ ነው» ትላለች። ብረቷ ገና በልጅነቷ አንድ ቀሚስ አሳምራ ተኩሳ ብታሳያት «ይቺን ሽብሽብ አላየሻትም?» ነበር ምስጋናው።

እርጅና ሲመጣ ደግሞ ከእሱ ጋር ተጣላች። ጉልበቷ አልታጠፍ ሲላት ጉልበቷን ቁጭ ብላ ትሰድባለች። ተኝታ አንሶላው ሲረጥብባት ጠቅልላ አልጋ ሥር ትወትፈዋለች፤ ብረቷ ሳታሳያት አውጥታ ሥራ ቦታ ትወስድና ከሆቴሉ አንሶላ ጋር አጥባ፣ ተኩሳ፣ መልሳ ታነጥፈዋለች። ሁለቱም አያወሩትም። ገላሽን ልጠብሽ ስትላት «እጄ ገና አልተቆረጠም» ትላለች። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ክሩን እየላሰች ግማሽ ቀን ትፈጃለች እንጂ ለሰው አትሰጥም።

ያቺ ሴትዮ መምጣት የጀመረችው ያኔ ነው። «ደንበኛዬ ናት» አለች እናትየዋ። ጨርቅ ይዛ የማትመጣ፣ ልብስ ይዛ የማትወጣ ደንበኛ።

አንድ ቀን የማጠቢያ ቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ብረቷ በጊዜ ወደ ቤት ገባች። በሩ ዝግ ነው። በመስኮቱ መጋረጃ ክፍተት አጮለቀች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጠራራ ፀሐይ ሻማ በርቷል። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው ከረጢት ክብ፣ የምታብለጨልጭ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣች። ከቆርቆሮዋ ውስጥ ደግሞ ነጭ፣ ስስ፣ ጠፍጣፋ ነገር። እናቷ፣ ያቺ ለሐኪም እንኳ አፏን የማትከፍት እናቷ፣ ዓይኗን ጨፍና ምላሷን አወጣች። ዋጠችው። ከዚያም እንደተጨፈነች ቀረች።

«ምንድነው የሰጠችሽ?» አለቻት ማታ።

«አንቺን አይመለከትሽም።»

ከዚያ ወዲህ ነው እናትየዋ የተለወጠችው። አንድ ጠዋት አንሶላውን ሳትደብቅ «ረጥቦብኛል፣ ውሰጂው» አለች። ዝናብ መጣ እንደማለት አድርጋ። ሌላ ቀን ደግሞ መርፌና ክር ዘርግታ «አስገቢልኝ» አለች። ብረቷ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ቀዳዳው አልታይ አላት። የእሷም ዓይን ከከዳት ሰንብቷል፣ ለማንም አልተናገረችም። «ሥራ ረፍዶብኛል» ብላ መርፌውን መኪናው ላይ ትታው ወጣች። እናትየዋ ምንም አላለች። የድሮዋ ብትሆን እስከ አስፋልቱ በስድብ ትሸኛት ነበር።

ልትሞት አካባቢ ደግሞ «ነይ እጠቢኝ» አለች። ብረቷ በሞቀ ውኃ ጀርባዋን አሸችላት። አጥንቷ የወፍ አጥንት ሆኗል። ስትጨርስ እናትየዋ እጇን ያዘቻት፤ ካውያ የበላውን የመዳፏን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ደባበሰችና «እጅሽ ይባረክ» አለች።

ብረቷ ያቺን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትጠብቅ ኖራለች። ስትመጣላት ግን አላመነቻትም። የተናገረችው እናቷ ናት ወይስ ያ ነጭ ነገር? እናቷ ሞተች፣ ይሄ ጥያቄ አልሞተም። ለቀስተኛው «እናት መቼም እናት ናት» እያለ በመጣ ቁጥር እንደ ቁርጥራጭ መርፌ ይወጋታል።

«ወንድም ጋሼ» አለች፣ ታላቅ ወንድሟ ሹፌሩ ባዶ ትሪ ይዞ ጓዳ ሲገባ፣ «ያቺን በሩ ሥር ያለችውን ሴትዮ ልብ ብለሃታል?»

«ለቅሶ የምትደርስ ምስኪን ናት። ምን አደረገችሽ?»

«ለእማዬ አንድ ነገር ታጎርሳት ነበር።»

«ምን?»

«ባውቀው አንተን እጠይቅሃለሁ?»

«እሷን ጠይቂያታ።»

«እኔ?» አለች ብረቷ። «እኔ እሄድና በገዛ ቤቴ እለምናታለሁ?»

ሹፌሩ ተነፈሰ። «ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል በቃ። እማዬም ለሰለሰች።»

«እማዬ ናት የምትለሰልስ?»

ሹፌሩ ትሪውን አስቀምጦ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ሴትዮዋም ስትሄድ፣ ብረቷ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ከፈተች። ሴትዮዋ ስታፈጥበት የከረመችው ምን እንደሆነ ልታየው። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ቁልፍ በክር ሲሰካ ዓይነት በዓይነቱ ነው። የሸሚዙ ከሸሚዝ፣ የካፖርቱ ከካፖርት። ብረቷ ሕፃን ሆና ብትቀላቅል በማስመሪያ ጣቷን ተመትታበታለች። መሳቢያው ውስጥ ያገኘችው ግን ጉድ ነው። አሥር ትናንሽ ነጭ የሸሚዝ ቁልፎች፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ። ደግሞ አሥር ትናንሽ፣ ደግሞ አንድ ትልቅ። ትልልቆቹም አይመሳሰሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ ቡናማ። ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ክብ ሆኗል።

 ይህን የሰካ ሰው አእምሮው በቦታው የለም። እናቷ በጤናዋ የካፖርት ቁልፍ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ከምትሰካ ጣቷን ብትቆርጥ ይቀላታል። እንግዲያው ያ ነጭ ነገር ሠርቷል። «እጅሽ ይባረክ»ም እንደዚሁ የተቀላቀለ ነገር ነበር።

መቀሱን አነሳችና ክሩን በጠሰችው። ነጮቹን ወደ ነጮቹ ጠርሙስ፣ ትልልቆቹን ወደ ትልልቆቹ መለሰች። እናቷ ጤነኛ ሳለች እንደምታደርገው። ሳታለቅስ።

በማግስቱ ለቅሶው አበቃ። ሹፌሩ የተከራዩትን ወንበሮች ውጭ በቆመው መኪናው ላይ መጫን ጀመረ። ትኬት ቆራጯ ግን ያችኑ የተወላገደች ወንበር እንደያዘች ናት። ሳሎኑ ባዶ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ሥር ተነስታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደች።

«ልጄ» አለች፣ «እዚህ መሳቢያ ውስጥ ክብ የተሰካ የቁልፍ ክር ነበር። እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነው።»

ብረቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሲመላለሱ የከረሙት እሱን ፈልገው ነዋ።»

«እሱን አይደለም። እስክትጠይቂኝ ነው የጠበቅኩት።»

«እኔ እስክጠይቅዎ?»

«እናትሽ ናት ያስማለችኝ። ‹ካልጠየቀችሽ አትንገሪያት፣ ከጠየቀችሽ አትዋሺያት› አለችኝ።»

ይህ አነጋገር የእናቷ ነው። ብረቷ ጥርሷን ነከሰች። «እሺ፣ ጠየቅኩዎት። በመስኮት አይቻለሁ። ከዚያች ቆርቆሮ እያወጡ ያጎርሷት የነበረው ክኒን ምንድነው? ሰውን እንደዚያ የሚያፈዝ?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ግራ ገባት። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ወረደ። «ቁርባን ነው፣ ልጄ። ቅዱስ ቁርባን። ከቤት መውጣት ላልቻለ ሰው ከቅዳሴ በኋላ እኛ እናደርስለታለን። ለዓይን ዱቄትና ውኃ ነው። ለሚያምን ጌታ ነው።»

«እናቴ አታምንም።»

«እናትሽ ተጠምቃለች።»

ጓዳ በር ላይ ሬዲዮ ብርጭቆ እንደያዘች ቀጥ አለች። ያልሰማችው ወሬ ነበር።

«ክር ገዝታ ስትመለስ ጉልበቷ ከዳት» አለች ትኬት ቆራጯ። «ቤተ ክርስቲያናችን ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ዝናብ መጣና ገባች። ‹ልቀመጥ ነው የገባሁት፣ ልጸልይ አይደለም› አለችን፣ ማንም ሳይጠይቃት። በማግስቱም ልትቀመጥ መጣች። ከዚያ አባን መሟገት ጀመረች። አባ ሲያስተምሯት እሷ ስታርማቸው ዓመት ሞላ። ‹ባሌን ለምን ጣለው?› አለቻቸው። ‹አላውቅም› አሏት። ‹አላውቅም የሚል ቄስ ገና ዛሬ አየሁ› ብላ፣ ያኔ ነው ልቧ የተከፈተው። በኋላ እግሯ ጨርሶ እምቢ ሲል ላከችብን። ‹እኔ መምጣት አልቻልኩም፣ እግር ያለው እሱ ይምጣ› ብላ።»

ብረቷ ሳታስበው አፏ ሊስቅ ነበር፤ መለሰችው። «ታዲያ ለምን ደበቀችኝ?»

«ዕድሜዋን ሙሉ የሚንበረከከውን ስትሰድብ ኖራ? አፈረቻ። አንቺን ነበር የምታፍረው። እኔም እህቴ ታማ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ስመለስ ያለ ጸሎት ቀብራችኋታል። አባ አሁንም ጸሎት ሊያደርጉላት ይፈልጋሉ። ያንቺ ቃል ነው የጎደለው።»

ይህን ብላ ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። ብረቷ ሰሞኑን ስትጠረጥረው የከረመችው ነገር መዳፏ ላይ ተዘረጋ፤ ያረጀ የእንጨት መቁጠሪያ። አሥር ትናንሽ፣ አንድ ለብቻው። ደግሞ አሥር ትናንሽ፣ ደግሞ አንድ ለብቻው።

ብረቷ አየችው። ዞር ብላ ጠርሙሶቹን አየች።

«የእሷን ራሷ ሠራችው» አለች ሴትዮዋ። «መቁጠሪያ ብገዛ ብረቷ ታየኛለች፣ ቁልፍ ግን ማን ይጠረጥራል፣ አለችኝ። በእያንዳንዱ ትልቅ ቁልፍ ላይ ለአንድ ሰው ትጸልይ ነበር። ጥቁሯ ከአባትሽ ካፖርት ናት። ወርቃማዋ ከወንድምሽ የመጀመሪያ ደንብ ልብስ። አንዷ የእናቷ፣ አንዷ ደግሞ ለሰደበቻቸው ሰዎች፤ እዚያች ላይ ታዘግም ነበር። ቡናማዋ ካንቺ የትምህርት ቤት ካፖርት ናት።»

ብረቷ የትልልቆቹን ጠርሙስ ከፍታ በጣቷ ፈለገች። ቡናማዋን አገኘቻት። ጠርዟ ላይ ልጅ ሳለች በጥርሷ የነከሰችበት ምልክት አለ።

«መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ተናግራኝ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «እሷ ትሁን ሌላ አላወቅኩም።»

«ምን እንዳለችሽ አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ ቡናማዋ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ‹ይቺ የብረቷ ናት። የምላት ነገር አለኝ፣ ምላሴ ላይ ይደርስና ይመለሳል› ትላለች። ‹ጎትተህ አውጣልኝ፣ ሥራህ አይደለም ወይ› እያለች ከእግዜር ትሟገታለች። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ስትል ኖረች። አንድ ቀን ግን ቁርባን ላቀብላት ብገባ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ጸጉሯ ተበጥሮ ተቀምጣለች። ‹ዛሬ ወጣልኝ› አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።»

ብረቷ ቡናማዋን ለብቻዋ አስቀመጠች። ከዚያ የነጮቹን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቁልፎቹ ተንኮለኮሉ፤ አንዱ ወለል ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ፈለገችው፤ አልታይ ሲላት ተንበረከከች፣ በመዳፏም ወለሉን ዳበሰች። አገኘችው።

ተነስታ ከመሳቢያው ጠንካራ ክር ቆረጠች። ላሰችው። መርፌ አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳች። ክሩ በጎን አለፈ። እንደገና ላሰችው፣ እንደገና አለፈ።

ሹፌሩ በበሩ ብቅ አለ። «ያቺ የተወላገደችዋ ብቻ ናት የቀረችው። ልውሰዳት?»

«ተዋት» አለች ብረቷ። «ገና ነን።»

ወንበሯን ራሷ ስባ ጠረጴዛው አጠገብ አደረገቻት፤ አጭሩ እግር ሥር አጣጥፋ ጨርቅ ከተተችለት። ትኬት ቆራጯ ተቀመጠች። ብረቷ መርፌውን በአንድ እጇ፣ ክሩን በሌላው ያዘች። ከዚያ ሁለቱንም ዘረጋችላት።

«አይታየኝም» አለች። «ያስገቡልኝ።»