ታላቋ ወይዘሮ ዝም ያለችበት ምዕራፍ

እትዬ ድምፄ አትክልት ቤት ስትገባ አፏን አትከፍትም። በጣቷ ድንቹን ታሳያለች፣ ሁለት ጣት ታነሳለች፣ ዘንቢሏን ትዘረጋለች። ዲዳ ሆና አይደለም፤ ጣጣዋ ሁሉ የመጣው ከምላሷ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በእኛ ቋንቋ በሚተላለፈው የቤተሰብ ድራማ ላይ የታላቋን ወይዘሮ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። ታላቋ ወይዘሮ ደግሞ ምን ዓይነት ጉድ መሰለቻችሁ! የገዛ ልጇን ከሚስቱ ያፋታች፣ የምራቷን መድኃኒት በውሃ የለወጠች። እትዬ ድምፄ አንድ ቀን ረስታ “ይሄ ሽንኩርት ደርቋል” ብትል፣ ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች ባንዴ ዞሩ፤ አንዷማ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች።

የሰፈሩስ ይሁን፣ ለሰፈር ጣት ይበቃል። እሷን ያንገበገባት የቤቱ ነው። አንድ ልጇ ልብስ ሰፊ አግብቶ አብረዋት ይኖራሉ፤ ምራቷም ነፍሰ ጡር ናት። ልጅቷ ድራማውን ከልጅነቷ ጀምሮ እየተንቀጠቀጠች ያየች ናት። እትዬ ድምፄ ከኋላዋ መጥታ “በርዶሻል፣ ሹራብ ደርቢ” ስትላት ማንኪያው ከእጇ ያመልጣል። ወዲያው ታፍርና “ይቅርታ፣ እርስዎን ፈርቼ አይደለም” ትላለች።

“እማዬ፣ እሷ ታውቅሻለች” አላት ልጇ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ። “ጆሮዋ ነው ያላወቀሽ። ሐኪሙ ደግሞ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ አትደንግጥ ብሏል። ሳትወልድ ሌላ ቤት ብንከራይ ይሻላል።”

አንድ ወልዳ፣ አንድ የልጅ ልጅ ልታይ፣ እሱም ከዓይኗ ርቆ ሊያድግ! እቤትም ዝም አለች። ዝምታው ባሰ እንጂ አልበጀም፤ ታላቋ ወይዘሮ ተንኮል ስትጠነስስ መጀመሪያ የምታደርገው ዝም ብሎ መስኮት ዳር መቆም ነዋ! ምራቷ አማቷ የሠራችውን ሾርባ መቅመስ ተወች።

እንዲህ ባሉበት የድራማው የመጨረሻ ምዕራፍ ጽሑፍ ደረሰ። ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ የድምፅ ባለሙያው ሄድፎኑን አንገቱ ላይ አድርጎ ይስቃል።

“እትዬ፣ ዘንድሮ የተቀጠርሽው ለትንፋሽ ነው” አላት።

እውነቱን ነው። ወይዘሮዋ ገና በምዕራፉ የመጀመሪያ ክፍል ደረጃ ስትወጣ ስትሮክ ይመታታል፤ ምላሷ ይተሳሰራል። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና መቃተት ብቻ ነው።

ያ ክፍል እሁድ ከሰዓት ሲተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ ድምፄ ቤት ነበር። ወይዘሮዋ ዘፍ ስትል ዳቦ ጋጋሪዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ እልልታዋን አቀለጠችው። “እግዜር ቢዘገይም አይቀርም!” አለች። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አኮረፈ። “እንግዲህ ምን ልናይ ነው? ያለ እሷ እኮ ጨው የለውም!” የገዛ ድምፅዋ በመዘጋቱ ከሁሉም ይልቅ ያጨበጨበችው ግን እትዬ ድምፄ ነበረች።

በሳምንቱ አትክልት ቤት ሄዳ ደፈር ብላ “ሁለት ኪሎ ድንች” አለች። ሻጩ ቀና ብሎ አያትና “እንዴ እትዬ! ተሻለዎት?” ብሎ ጥሩ ጥሩውን መረጠላት። በሽታዋን ማስተባበል ምን ይጠቅማታል? “ተመስገን፣ ደህና ነኝ” ብላ ወጣች።

እቤትም ቀስ በቀስ ምላሷን ፈታች። ስለሚያፈሰው ቧንቧ ጀመረች፤ ቀጥላ ልጇ በልጅነቱ የአባቱን ጫማ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደከተተ አወራች። ምራቷ የልብስ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር ሳቋን አፍና ለመያዝ ተሰቃየች። በቴሌቪዥኑ የሚያስፈራራት ስለጠፋ፣ ያ ድምፅ ስለ ቧንቧና ስለ ጫማ የሚያወራ የቤት ድምፅ እየሆነ ሄደ። ያም ሆኖ ልጇ ከድልድዩ ማዶ የሚከራይ ሁለት ክፍል አግኝቷል፤ ሰኞ ለአከራዩ መልስ ሊሰጥ ነው።

እትዬ ድምፄን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። በሰኞው ዋዜማ እሁድ በሚተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ወይዘሮዋ አፏን ትፈታለች። ለማንም አትናገሪ ተብላ ፈርማለች፤ ሲቀረፅም አዘጋጁ “ሻከር አድርጊው” ብሎ ደጋግሞ አዟት፣ አፏ እምቢ ብሏት፣ በገዛ የቤት ድምፅዋ ተናግራ ወጥታለች። አሁን የተገነባው ሁሉ በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው ብላ ፈራች።

ያ እሁድ ደረሰ። ቤቱ መቆሚያ የለውም። በድራማው ውስጥ ምራትየዋ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ታላቋ ወይዘሮ አልጋ ላይ ሆና ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ድምፄ ዓይኗን ጨፈነች።

“ልጄ...” አለ ቴሌቪዥኑ።

“አቤት እማዬ!”

ዓይኗን ስትገልጥ ምራቷ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታለች። ፊቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞረም፣ ወደ እሷ ነው። እስከዚያ ቀን “እርስዎ” እያለች አለፍ ትል የነበረች ልጅ፣ እማዬ አለቻት! የተጣራው ማን እንደሆነ ሲገባት ፊቷ ቀላ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከበርጩማው ተንሸራተተ።

“ዝም በሉ እናንተ! ወይዘሮዋ ይቅርታ እየጠየቀች እኮ ነው!” ብትል ዳቦ ጋጋሪዋ ማን ይስማት? አገሩ በሙሉ ሲጠብቀው የከረመው ይቅርታ በዚያ ቤት ያሉት ሳይሰሙት አለፈ።

“የጠሩኝ መስሎኝ እኮ ነው” አለች ምራቷ።

“እኔም ልጠራሽ ነበር” አለች እትዬ ድምፄ፣ እንባዋ ቀድሟት። “ነይ እዚህ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።”

ምራቷ መጥታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ባሏን ቀና ብላ አየችውና “አንሄድም” በሚል ራሷን ነቀነቀች። እሱም ገባው። ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ፤ “ጋሼ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ያከራዩት” ሲል በመስኮቱ ተሰማ።

እትዬ ድምፄ “ተመስገን!” አለች፣ ጮክ ብላ፣ በሙሉ ድምፅዋ። አንድም ሰው አልደነገጠም።