ርግጫው ለምን ዘገየ

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ርግጫውን ለማን ቆጥቦት ነው?» አሉ አክስትየው፣ የጌም መጫወቻውን ጆይስቲክ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጠመዘዙ።

ፕሮግራመሯ ከወንበሯ ብድግ ብላ የአክስቷን ጣቶች ማየት ጀመረች። የምትሠራው የድብድብ ጌም ነው፤ ቡጢ፣ ቡጢ፣ ከዚያ ርግጫ። ምቶቹ ሳይቋረጡ ከተያያዙ ጉልበታቸው ይጨምራል፤ የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው። አክስትየው ግን ርግጫው ሲዘገይባቸው ጊዜ አንዷን ቁልፍ ብቻ እየደበደቡ ጠላቶቹን አንድ ባንድ አነጠፏቸው።

«አሸነፍኩ መሰለኝ» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው።

«አሸንፈዋል» አለች። ያለ ርግጫው ማሸነፍ ከተቻለ ግን ጌሙ ከሽፏል ማለት ነው።

ጌሙ ቅዳሜና እሁድ ተሠርቶ ማለቅ ያለበት የውድድር ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ከወንድሟ ጋር ጀምረው ሳይጨርሱ ቀርተዋል። ዘንድሮ ደግሞ እጁ ከቀለም ስለማይለይ ሁሉም «ብሩሽ» የሚሉት ይኸው ወንድሟ ሥራ አግኝቶ ነገ ጠዋት ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል።

ብሩሽ ቅዳሜን ሙሉ ጎንበስ እንዳለ የዋለው ባለ ሦስት ራስ አውሬ ሲስል ነበር። አውሬውን ማንቀሳቀስና ምቱን ማስተካከል ሁለቱም ለዛሬ አይደርሱም፤ አንዱ መቅረት አለበት።

«ብሩሽዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳትቆጣ።»

«አውሬዬን ልትገድዪው ነው አይደል?» አለ፣ ዞር እንኳን ሳይል።

«ምቱ ካልተያያዘ ማን እሱ ጋ ይደርሳል? ቢደርስም እንደ አክስቴ ተሰላችቶ ነው።»

«እኔን ከነገራችሁ አውጡኝ!» አሉ አክስትየው።

ብሩሽ መሳያውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። እህቱ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሲከፋው እንዲህ ነው፤ ከነገሩት ይብስበታል። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ ፈታ ብሏል።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «እግሩ ሲነሳ እንዲያምር ብዬ ብዙ ሥዕል ደረደርኩበት። ይሄ ሰው ሊማታ ሳይሆን ሊሞሸር የሚሄድ ነው የሚመስለው!»

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ በኋላ ብሩሽ ሥዕሎቹን እየቀነሰ፣ እሷ በምቶቹ መሃል ያለውን የጊዜ ገደብ እያላላች፣ አክስትየው እየሞከሩና እየተራገሙ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ገጠመ። ቡጢ፣ ቡጢ፣ ርግጫ! ጠላቱ ተወርውሮ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«እሰይ! እንዲህ ነዋ!» ብለው አክስትየው ከሶፋው ተነሱ። ጆይስቲኩን ስጡን ቢሏቸው ማን ሰምቷቸው!

ጌሙን የላኩት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ስንተኛ እንደሚወጡ ሁለቱም አላነሱትም፤ ጨርሰዋል፣ በቃ። ብሩሽ ተንጠራርቶ ተነሳና የሥዕል ዕቃዎቹን ሰበሰበ።

«ጠረጴዛዬን ላጥፈውና ክፍሉ ይስፋልሽ?»

«ተወው።»

«ከእንግዲህ እኮ የምስለው እዚያ ሆኜ ነው።»

«እዚያ ሆነህ ሳል። ስትመጣ ግን የምትቀመጥበት አይጥፋ» አለችና፣ የራሷን ኮምፒውተር ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ ቦታውን አሰፋችለት።