አዲስ አበባ ማን ቤት ታድሪያለሽ?

እኔ ስንቄ የምባለው በሰው ቤት አድሬ አላውቅም ነበር። ሰው ነው እኔ ቤት የሚያድረው። ቤቴ ደባርቅ፣ ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከጃናሞራ ገብስ ጭኖ፣ በግ ነድቶ፣ የበግ ጠጉር ባና ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ለቅዳሜ ገበያ ዓርብ ይደርሳል፤ ማደሪያው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት እናቴ ነበረች። ሆቴል የሚሉት ነገር ደባርቅ ሳይገባ እኛ ነበርን፣ ከገባም በኋላ እኛው ነን። ሳንቲም አንቀበልም። ለአዳር ዋጋ የጠየቅሁ ቀን ቤቴ ጠላ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ቤቴ አንድ ሕግ አለው። እንግዳው ከእሳቱ አጠገብ መደቡ ላይ ይተኛል፤ ባለቤት ደግሞ በር ላይ ይተኛል። ቁርበቴን ደፉ ላይ አግድም አነጥፋለሁ፤ የእንግዳዬን ጓዝ የሚመኝ ሌባ መጀመሪያ እኔን ይርገጥ። እስከ ዛሬ የረገጠኝ የለም። ባሌም ነፍሱን ይማረውና ብርዱን እየረገመ አብሮኝ በር ላይ ተኝቷል። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

በዚያ በደርግ ዘመን፣ ሰኔ ላይ፣ ልጄ ደብሪቱ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው የሚል መልእክት መጣልኝ። ከደባርቅ ገበያ በላይ ያደገች ልጅ ጥቁር ካባ ልትለብስ! እልል ብዬ ሳልጨርስ ቀበሌ ሄድኩ፤ ያኔ መሸኛ ሳይዙ ከከተማ መውጣት የለም። ሰው «ጫካ ሊገባ ነው» ተብሎ የሚጠረጠርበት ጊዜ ነበር።

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሳና «እመት ስንቄ፣ የት ነው የሚያርፉ?» አለኝ።

«አዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባ አገር ነው እንጂ ቤት አይደለም። የትኛው ሰፈር? ማን ቤት? እሱ ካልተጻፈ ማኅተም አላሳርፍም።»

ሰው ሁሉ የት ታድራለህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አለው። እኔ ጥያቄውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ፋንታዬ በጃንሆይ ጊዜ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዳ ሳምንት ሰንብታ ተመልሳለች፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋን የቆረቆረቻት እሷ ትመስላለች። ጉዳዩን ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች።

«ፒያሳ እረፊ፤ ጨዋ ሰው የሚያርፍ ፒያሳ ነው። መብራቱ ብቻውን ያጠግባል።»

«ፒያሳ የውዱ ልጅ አለ።»

«ታዲያ ቢኖርስ?»

«ውዱ እኔ ቤት ነዋ የሚያድረው።»

«እሺ፣ ካዛንቺስ?»

«ካዛንቺስ የዝናቡ እኅት አለች። ኮረዳ ሳለች እኔ ቤት አድራለች።»

«መርካቶስ?»

«መርካቶማ ግማሹ ጃናሞራ ነው።»

«ቦሌ ያለውን የባልሽን ወንድም ምን በልቶት ነው ሰፈር ለሰፈር የምታንከራትቺኝ?»

ድረስ የሚባለው የባሌ ወንድም የመሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ ቦሌ ትልቅ ግቢ ውስጥ ይኖራል። «ትምጣ፣ ሰርቪሱ ውስጥ አልጋ አለ» ብሎ ልኮብኛል። ሰርቪስ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ የሠራተኛ ማደሪያ ነው አሉኝ። የወንድሙን ሚስት! ስለ ድረስ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ፋንታዬ ግን አልለቀቀችኝም። «ብድር በምድር ነው፤ ስንቱን አሳድረሻል፣ ካንዱ ቤት ብታድሪ ምን ይልሻል?»

«እሱ ነው ነገሩ! ያሳደርሁትን ሰው ቤት አንኳኩቼ ከገባሁ የአዳሩን ዋጋ ልሰበስብ መጣሁ ማለት ነው። እናቴ ባሳደረችው ሰው ቤት አድራ አታውቅም፤ እኔም አላድርም።»

«ኩራት እራት አይሆንም» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

አይሁን! ሰው ወደ ትልቅ ከተማ ሲሄድ ዘመድ ያለበትን ሰፈር ይመርጣል፤ እኔ ማንም የማያውቀኝን ሰፈር ፍለጋ ገባሁ። በመጨረሻ ለገሃርን አገኘሁ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ የኪራይ አልጋ ሞልቷል አሉኝ፤ ጃናሞራ ደግሞ ከባቡር ጋር ጉዳይ የለውም። በማግስቱ ሊቀ መንበሩን «ለገሃር፣ የኪራይ አልጋ» ብዬ አስጻፍኩትና ከቀበሌው ቀና ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አያ ዋሴ ከጃናሞራ መጡ። ከእንግዶቼ ሁሉ አንጋፋው እሳቸው ናቸው፤ የእናቴንም እሳት ሞቀዋል። ልጃቸው ታገኘ ደባርቅ የተማረው እኔ ቤት ሆኖ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል። በቅሏቸውን ከደጅ አስረው አንዱን ስልቻ አውርደዋል።

«ስንቄ፣ ታገኘ "እሜቴ ሲመጡ እኔ ዘንድ ይረፉ" ብሎ ልኳል» አሉኝ ፊታቸው እየበራ።

«ጤና ይስጠው፤ ለገሃር አልጋ እይዛለሁ።»

«ለገሃር ማን አለሽ?»

«ማንም።»

አያ ዋሴ ስልቻውን እንደያዙ ቆሙ። «የልጄ ቤት ጠቦሽ ነው?»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ! ያሳደርሁትን አሳድረኝ አልልም፣ ነገሩ ይኸው ነው። አይቀየሙኝ።»

ያወረዱትን ስልቻ መልሰው በቅሎዋ ላይ ጫኑ።

«አያ ዋሴ! ወዴት ነው?»

«ደጀ ሰላም አድራለሁ» አሉና በቅሎዋን ሳቡ። መደቡ ላይ አረፍ ብለው የነበሩት የጃናሞራ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንድ ባንድ ጓዛቸውን አንሥተው፣ ደኅና እደሪ ብለውኝ፣ ተከተሏቸው።

ተናደድኩ። ሂዱ፣ የክረምቱ ዝናብ ያስተምራችኋል አልኩ በሆዴ። የሚቀጥለው ዓርብ መደቡን ጠረግሁ፣ እሳቱን አነደድሁ፣ ቁርበቴንም በሩ ላይ አነጠፍሁ። ማንም አልመጣም። እናቴ ባቆመችው ቤት የዓርብ መደብ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የምጠብቀው ጓዝ ሳይኖር በር ላይ ተጋድሜ አደርኩ፤ ሞኝነቱም ብርዱም እኩል ተሰማኝ። ጎረቤት «የስንቄ ቤት ምን ሆነ?» ማለት ጀምሯል። ቤቴ ስሙ ሊጠፋ ነው፤ እሱ ከጠፋ እኔ ምን አለኝ?

ቅዳሜ ጠዋት ደጀ ሰላም ወረድኩ። አያ ዋሴ ዝናብ የጠገበ ባናቸውን ሲጨምቁ አገኘኋቸው።

«በዚህ ዕድሜዎ በብርድ ሊሞቱብኝ ነው? አገር ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሻል? ደጀ ሰላም የሚያድር ለማኝ ነው።»

«እርስዎ ለማኝ ነዎት?»

«አንቺ ነሽ ያደረግሽኝ» አሉ ባናውን አስቀምጠው። «ሲሰጡት የሚቀበል፣ መስጠት ግን የማይፈቀድለት ሰው ማን ነው? ለማኝ አይደለም? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቤትሽ ያደርሁት አንድ ቀን ከኔም ቤት ታድራለች ብዬ ነው። አንቺ ጃናሞራ አትወጭም። እግዜር ልጄን ባለቤት አደረገልኝ፤ ቀኔ ደረሰ ብዬ ደስ ሲለኝ ለገሃር አልሽኝ። ስሚኝ ስንቄ፤ እኔ ቤት የማያድር ሰው ቤት አላድርም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ኩራት ለባለቤት ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። እንግዳም የራሱ ኩራት አለው፤ እኔ ለካ መደብ ሰጥቼ ኩራቱን ነስቼው ኖሬአለሁ።

የእርጥቡን ባና አንድ ጫፍ ይዤ አብሬ ጨመቅሁላቸውና ቀጥ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ።

«ለገሃርን ሰርዝልኝ፤ ጉለሌ በል።»

«ማን ቤት?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ታገኘ ዋሴ ቤት።»

«ምንዎ ነው?»

«እንግዳዬ ነበር፤ አሁን እኔ እንግዳው ነኝ።»

ጭንቅላቱን አከከ። «ዘመድ ብዬ ልጻፈው» አለ።

አያ ዋሴ ግን ይህንንም ሰምተው ቤቴ አልገቡም። «ሄደሽ አድረሽ ስትመለሺ እናያለን» ብለው በቅሏቸውን ነዱ።

ሐምሌ ሲገባ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጌ ጎንደር ወረድኩ፤ ከዚያ በረጅሙ አውቶቡስ፣ ደብረ ማርቆስ አድሬ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። ታገኘ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ የማውቀው ቀጭን ተማሪ ነው፤ ትከሻው ሰፍቶ ጓዜን እንደ ላባ አነሣው። በአውቶቡስ ፒያሳን ስናልፍ የፋንታዬን መብራት አየሁት፤ እውነቷን ነው፣ ያምራል።

የታገኘ ቤት ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። አንድ የብረት አልጋ አለው፤ አንሶላው ታጥቦ ተነጥፏል። አንተስ የት ልትተኛ ነው ስለው «እሱ የኔ ጉዳይ ነው፣ እሜቴ» አለኝ። ድካም ጥሎኝ ክርክሩን ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲነጋጋ የሩፋኤል ደወል ቀሰቀሰኝ። ኪዳን ላስደርስ ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ወደ በሩ ስሄድ እግሬ የሰው ትከሻ ነካ። ታገኘ ጆንያ አንጥፎ በሩ ላይ አግድም ተኝቷል። በሩ የብረት መቀርቀሪያ አለው፣ ጓጉንቸርም አለው። ውጭ ደግሞ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ሲዞር ያድራል። ከእኔ ጓዝስ ምን ይሰረቃል? አንድ ነጠላና ለደብሪቱ የቋጠርሁት ድርቆሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የፋብሪካ መኪና ላይ ቆሞ የሚውል ልጅ፣ አጥንቱ በሲሚንቶ እየቀዘቀዘ፣ ለዚያ ድርቆሽ ዘብ አድሯል።

ተራምጄው ማለፍ አልቻልኩም። እኔን እንኳ ሌባ ያልረገጠኝን እኔ እሱን ልረግጥ? አልጋው ጫፍ ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ኪዳኑ አመለጠኝ። ደብሪቱ ዩኒቨርሲቲ የገባች ቀን እንኳ እንዲያ አልኮራሁም፤ ይግረማችሁ፣ እንባዬ እየወረደ ነው የኮራሁት።

ድረስ በምርቃቱ ቀን ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ደብሪቱ ጥቁር ካባዋን እንደለበሰች መሐላችን ቆማለች።

«ቦሌ የመሰለ ሰፈር እያለ ጉለሌ? ምን አጥተሽ ነው?» አለኝ ሰው እየሰማ።

«ምንም አላጣሁ። ባለቤቱ በር ላይ ተኝቶ ነው ያሳደረኝ። አንተስ እንግዳ ሲመጣ የት ትተኛለህ?»

ድረስ አልገባውም፤ አሽሙሩን ፍለጋ ፊቴን አየ። ደብሪቱ ግን ገብቷት አንገቴን አቀፈችኝ። በዚያ በር አጠገብ ነው ያደገችው።

ደባርቅ በተመለስሁ ዓርብ እሳቱን አንድጄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አመሻሹ ላይ አያ ዋሴ መጡ። በቅሎዋን ከነጭነቷ ይዘው ደጅ ቆሙ፤ ከኋላቸው የጃናሞራ ሰው በሙሉ ቆሟል።

«ስንቄ፣ ልጄ እንዴት አሳደረሽ?» አሉኝ።

«በር ላይ ተኝቶ» አልኳቸው።

የአያ ዋሴ ጀርባ ቀና አለ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ቁመት የጨመሩ መሰለኝ። የጭነቱን ጠፍር እየፈቱ «በይ እንግዲህ፣ መደቡን ልቀቂልን» አሉኝ።

ለቀቅሁላቸው። ቁርበቴንም ወስጄ በሩ ላይ አነጠፍሁ።